«በዛ!» የሚሉት አያ ታከለ

በየስብሰባው «በዛ!» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ አያ ታከለን አውቃለሁ። ለሳቸው ዝናቡም፣ ዘመዱም፣ የተማረውም በዝቷል። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የጭላዳ ዝንጀሮ ሆነ።

ለወንድሜ ተዝካር ጎንደር ካለው ትምህርት ቤቴ፣ ደባርቅ አጠገብ ወዳለው መንደራችን በመጣሁ ማግስት ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ ይሟገታል።

«ገብሳችንን ጨረሰው! መንግሥት ጥይት ይስጠንና እንፍጀው» አሉ አያ ታከለ።

«ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ ፍጡር ምነው ይገደላል?» አሉ ቄሱ። «ከእርስዎ የሚሻል ጾመኛ ነው!»

«እንግዲያው ያቁርቡታ!»

ሳቁ ሲበርድ ለአውራጃው ገዥ የሚላከውን ማመልከቻ እንድጽፍ ታዘዝኩ። አንድ ነገር ሲጻፍ ቁጥር ያስፈልገዋል ብለው አስተምረውናልና ብዛቱን ጠየቅሁ።

«ሺህ በል» አሉኝ አያ ታከለ።

«አምናስ ስንት ነበር?»

«አምና ማን አየው? ወንድምህ ማማው ላይ ሆኖ በወንጭፍ እያባረረ፣ መቼ አስጠጋውና…»

አልጨረሱትም። ያልወረደ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቄሱም አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ። የመንደሩን ገብስ ሁሉ ወንድሜ ብቻውን ይጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ የገባን መሰለኝ። ጭላዳው ለካ አልበዛም።

«ይኸን ልጻፈው?» አልኩ።

ማመልከቻው ቀረ። ወንጭፉን ከቤታችን ምሰሶ አውርጄ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠሁ፤ አሁን ማማው ላይ በተራ እንወጣለን። ትናንት ተረኛው አያ ታከለ ነበሩ። ሲመሽ ክንዳቸውን እያሹ ወረዱና አጠገቤ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ብለውት የማያውቁትን ነገር አሉኝ።

«ሰው አነሰን፣ ልጄ።»