የአያ ታከለ ጥንታዊ ዘፈን

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያንቀላፋ ሰው ሰነፍ ነው የሚል ካለ፣ በኅዳር ከሰዓት በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ይምጣና መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ፀሐይዋ ገጹ ላይ ጋደም ትላለች፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ መስመሩን ያነበባችሁት ይሁን በሕልም ያያችሁት አይለይላችሁም። የእኔ ምርምር የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አጨዳ ዘፈን ነበር። እኔ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ማጭድ የማውቀው ሱቃችን ውስጥ ተሰቅሎ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከታችኛው መደርደሪያ የድሮ ተመራቂ ጽሑፍ አገኘሁ። ውስጡ ዳባት አካባቢ ከሚኖሩ አያ ታከለ ከሚባሉ ገበሬ የተቀዳ፣ ማጭዷን እንዳኮረፈች ሙሽራ የሚያባብል ዘፈን አለ። ልቤን ወሰደው። “ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ” ብዬ ሙሉ ምዕራፍ ገነባሁበት። ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ጽሑፉ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ ነበር። እንዲህ አምሮ የተጠረዘን ነገር ማን ይጠረጥራል?

አማካሪዬ ግን ባለዘፈኑን አግኝቼ ካላረጋገጥኩ ምዕራፉን እንደማይቀበሉኝ ነገሩኝ። ያለ እሱ ደግሞ መመረቅ የለም። በማግስቱ ዳባት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግሬ ነካሁት።

አያ ታከለን ማሳቸው ዳር ተቀምጠው የደቦውን ሰው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ዘፈኑን አነበብኩላቸው። ፈገግ አሉ።

“ያ ልጅ ደኅና ነው? ሸጋ ልጅ ነበር” አሉኝ። “የማውቀውን ሁሉ ብነግረው ‘ይሄማ ተጽፏል፣ አዲስ ካላመጣህ አትመረቅም ብለውኛል’ አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የመጣ እንግዳ፣ እንዴት ባዶ እጁን ልስደደው? እዚሁ ቁጭ ብዬ ገጠምኩለት።”

ስንት ወር የደከምኩበት ጥንት በአንድ ከሰዓት የተገጠመ ሆኖ አረፈው። አፍሬም አዝኜም ወረቀቴን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ።

ይህን ጊዜ ደቦው ደርሶ ገብሱ ውስጥ ገባ። አንዱ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ነፋሱ ድምፃቸውን አንዴ ያመጣዋል፣ አንዴ ይወስደዋል፤ እኔም የቆምኩበትን ረሳሁ። የሚዘፍኑት ያንኑ ዘፈን ነው። ያውም ጽሑፉ ላይ የሌሉ ስንኞች ጨምረውበት፣ አያ ታከለም አላውቃቸውም ያሏቸው።

“አያ፣ እኔ እኮ ከጥንት የመጣ ነው ብዬ ጽፌያለሁ” አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከአጫጆቹ ሳይነቅሉ መለሱልኝ።

“ታዲያ ምን ያጣድፍሃል? ይደርሳል።”