የበዳዳ ትራክተር ለምን ትቆማለች?

ትራክተር አለን ስላችሁ ትልቁን እንዳታስቡት። የእኛዋ ትንሽ ናት። አንድ የአበባ እርሻ ሠርቶባት ሠርቶባት ስትሰለቸው ነው የገዛናት። ቀለሟ ለቋል፣ መቀመጫዋ ተቀዷል፤ ግን የግቢያችንን በር ሳትነካ ትገባለች። እዚህ አዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የድሮው ማሳችን ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል። የቀረችን ወንዙ ዳር ያለችው ቁራጭ መሬት ናት፤ ጎመንና ቆስጣ እናበቅልባታለን። እንደኛው ቁራጭ የቀራቸው ጎረቤቶችም አሉ። በሬ ከሸጡ ቆይተዋል። ባለቤቴ በዳዳ የእነሱንም ያርስላቸዋል፤ በጋውን ደግሞ ቤት ለሚሠራው ሁሉ አሸዋና ውሃ ይጎትታል። ኑሯችሁ እሷ ናት ብትሉኝ አልከራከርም።

ታዲያ ሰው የሚታመመው ዕቃው ደህና በሆነበት ጊዜ ቢሆን ምን ነበረበት? በዳዳን ስትሮክ መታው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን ተንጠለጠለች፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ ቃል ሁሉ ጠፋበት። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፤ «እሺ»።

እስቲ አስቡት። ከተጋባን ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፉ ለመስማት የለፋሁትን እግዜር ያውቃል። ውሃ ልስጥህ ብለው እንኳ መልሱ «ቆይ» ነበር። አሁን ሾርባ ትፈልጋለህ? እሺ። ትተኛለህ? እሺ። አመመህ? እሺ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ከእሺ በቀር ሌላ ቃል የሌለው ባል አላስታመመም። ሐኪሙ፣ ውስጡ ሁሉን ያውቃል፣ የምትሉትን ይሰማል፣ ቃሉ ነው መንገድ የሳተበት አለኝ። እውነቱን ነው። የፈለገውን ቃል ፈልጎ ፈልጎ «እሺ» ስትወጣበት ዓይኑ እንባ ይሞላል። ያን ጊዜ ፊቴን አዞራለሁ።

ከሆስፒታል ሲመለስ ወንበሩን ትራክተሯ ፊት አደረግንለት። ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ ጎረቤቶች ማሳቸው እንዲታረስ ይጠብቃሉ። የሚነዳልን ሰው ቀጠርኩ። ትራክተሯ ትነሳለች፣ ወንዙ ዳር ትደርሳለች፣ ጥቂት ፈር ትሄዳለች። ከዚያ ድምጿ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ጭጭ። ትንሽ አሳርፈው ሲሞክሯት ትነሳለች። ደግሞ ጭጭ። ሹፌሩ ሰለቸውና ሄደ። አልፈርድበትም።

ድሮም አንዳንዴ እንዲህ ታደርገው ነበር። ከሩቅ አይቻለሁ። በዳዳ ይወርዳል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ይላል፣ የሆነ ነገር ያደርጋታል፣ ትነሳለች። ምን እንደሚያደርጋት ግን ጠይቄው አላውቅም። ነገ የሚጠየቅ ባል ያላት ሴት ዛሬ ምን አስቸኮላት?

ጎፋ ጋራዥ ያለው ከድር የሚባል መካኒክ አስጠራሁ። እጁም ጸባዩም ጥሩ ነው። እኔን «ማዘር»፣ በዳዳን «ፋዘር» ይላል። መጀመሪያ ናፍጣ የሚያጣራው ፊልትሮ ቆሽሾ ይሆናል ብሎ ቀየረው። አስነሳት፣ እያማረባት ሠራች፤ ተመራርቀን ሳንጨርስ ጭጭ። አየር እየሳበች ይሆናል ብሎ የቱቦዎቹን ማሰሪያ ሁሉ አጠበቀ። አሁንም ጭጭ። በሦስተኛው ምልልሱ ትራክተሯ ጎን ቆሞ ራሱን አከከ።

«ማዘር፣ የናፍጣ ፓምፑ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ፣ ደስ ሳይለው። «ወርዶ መፈተሽ አለበት። እሱ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ ክረምቱ ይቀድመናል።»

በዳዳን ጠይቀው አልኩት። ወንበሩ ስር በርከክ አለ።

«ፋዘር፣ ፓምፑ ነው?»

«እሺ።»

«አየር ነው?»

«እሺ።»

«ናፍጣው ነው?»

«እሺ።»

ከድር ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። 

በዚያው ሰሞን በዳዳ አዲስ ነገር ጀመረ። «ኡፍ» ይላል። የከንፈሩ አንድ ጎን ስለማይዘጋ ትንፋሹ በዚያ ያመልጣል። ሻዩ አቃጥሎት ነው ብዬ አቀዘቀዝኩለት። ኡፍ። ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው ብዬ ጠረግኩለት። ኡፍ። ልትጠይቀው የመጣች ጎረቤት፣ ተማርሮ ነው፣ ኑሮው ቢሰለቸው ነው ብላ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ሁለታችንንም እያየ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይደበድባል።

ከድር ፓምፑን ሊያወርድ በመጣበት ቀን ለማም መጣ። ለማ የበዳዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። ሆስፒታል መሬት ላይ እየተኛ ያስታመመው እሱ ነው። ግን ችኩል ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ የለ? ትራክተሯን የሚገዛ ሰው ይዞ ነው የመጣው። በሽተኛ ፊት የተበላሸ ዕቃ መገተር ጥሩ አይደለም፣ ባያት ቁጥር ይብስበታል አለኝ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«በዳዳ፣ ትራክተሯን እንሽጣት?»

«እሺ።»

«ይኸው፣ እትዬ ጥሩነሽ። ሰማሽው» አለኝ።

ገዢው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ደሜ ፈላ። ድምፄን ግን ከፍ አላደረግኩም። ባሌ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«በዳዳ፣ ቤቱንስ አብረን እንሽጠው?»

«እሺ።»

«ወንድምህንስ? እሱንም መርቀን እንስጣቸው?»

«እሺ።»

ገዢው ሳቀ። ለማ አልሳቀም። 

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያናገረኝ መስሎኝ ነው።»

ንዴቴ ሁሉ እዚያው በረደ። ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም ከዚያች ቃል ሥር ሌላ ቃል ስፈልግ የከረምኩት። ለማ ገዢውን ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው።

ከድር ይህን ሁሉ ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ የፓምፑን ብሎኖች ሊፈታ ነበር። ያን ጊዜ በዳዳ «ኡፍ፣ ኡፍ» ማለት ጀመረ። ግራ እጁን ጨበጠ፣ ጭብጡን ከንፈሩ ላይ ለጠፈና በዚያ ውስጥ ነፋ። እጁን ወደ ትራክተሯ ዘረጋ። መልሶ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነፋ።

ከድር ቁልፉን መሬት አስቀመጠ።

«ማዘር» አለ፣ «ፋዘር እኮ ንፉት እያለን ነው።»

ከነዳጅ ታንኩ የሚወርደውን ቱቦ ነቀለው። ታንኩ ሙሉ ነው፤ ናፍጣው ግን ጥቂት ፈስሶ ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ከድር ቱቦውን አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ታንኩ ነፋበት። ውስጡ ቡልቅ ቡልቅ አለ። አፉን ሲያነሳ ናፍጣው ደረቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። ፊቱን እየጠረገ መሳቅ ጀመረ። በዳዳን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወንበሩ ላይ ጥሏል። ሸክሙን ሰው ተቀብሎ ያወረደለት መንገደኛ ነው የሚመስለው።

ታንኩን አወረዱት። ለማ የክት ልብሱን ሳያወልቅ ነው የያዘው። ናፍጣው ተገልብጦ ሲያልቅ ከሥር የወጣችው የፌስታል ቁራጭ ናት። ጀሪካን እንዳያፈስ አፉ ላይ ፌስታል አድርገን እንከድነው የለ? ከዚያ ተቀድዳ የገባች ናት። ናፍጣው ሲፈስ ተስባ ሄዳ መውጫው ላይ ትለጠፋለች፤ ሞተሩ ሲጠፋ ትለቃለች። በዳዳ ነፍቶ ያባርራት ነበር እንጂ እሱም ምን እንደሆነች አላያትም። ለማ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ባለቤቴ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አያት።

ቱቦው ውስጥ የገባው አየር መውጣት ነበረበት። ከድር አንዲት ብሎን አላላና ናፍጣ መግፊያዋን የእጅ ፓምፕ የሚጫን ሰው ፈለገ። ለማ እጁን ሲዘረጋ ከድር በዓይኑ ከለከለው። በዳዳን ከነወንበሩ አስጠጋነው። በግራ እጁ ይጫናል፣ አረፋ ይወጣል፤ ይጫናል፣ አረፋ ይወጣል። ላብ አጠመቀው። አቁም ያለው የለም። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ ከድር ብሎኗን አጠበቀና አስነሳት። ከሰዓቱን ሙሉ ሠራች። የሚያጠፋት ሰው ጠፋ።

በዳዳ ዳነ እንዳትሉኝ። እጁም ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው። ሹፌርም አላገኘንም። ስለዚህ መቀመጫው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ከድር አሳየኝ፣ ለማ እሑድ እሑድ እየመጣ ከጎን ከጎኔ ሮጠ። የመጀመሪያ ቀን ወንዙ ዳር ስወርድ በዳዳን ማሳው ጫፍ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ጥርሴን ነክሼ አንድ ፈር ከዳር እዳር ሄድኩ። ኮርቼ ወደ ኋላ ዞርኩ። ፈሩ እባብ የሄደበት መንገድ ነው የሚመስለው። በዳዳ ይስቃል። በግማሽ አፉ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ በግራ እጁ የተጣመመውን እያሳየ በእኔ ይስቃል።

ሰው ሲታመም ጸባዩ ይገራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። የእኔው አልተገራም። እንኳንም አልተገራ።