እኔና የፊልሙ አባት

ፊልም ሠሪዎች ሱቅ ነግደው አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ያንን ፊልም አይሠሩትም፤ እኔም ጋምቤላ ገበያ መሃል መሳቂያ አልሆንም ነበር።

ጋምቤላ ክልል ስትባል ብዙ ነገር አብሮ ገባ። ቢሮው፣ ማኅተሙ፣ ስብሰባው፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ደግሞ ቪዲዮ ቤት። እዚያ አንድ የፈረንጅ ፊልም መጣ። ሚስቱ የሞተችበት ጫማ ሻጭ ነው። ልጁ ኳስ ይጫወታል፤ አባት አንድ ቀን ሄዶ አያየውም። ሰዉ ሲስቅ ይቆይና መጨረሻ ላይ ጫማ ሻጩ በዝናብ እየሮጠ ሜዳ ይደርሳል። ልጁ አባቱን ያያል፤ ጎል ያገባል። ይተቃቀፋሉ። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል።

እኔን ምን አገባኝ? የኔም ልጅ ዳዊት ኳስ ይጫወታል፤ በረኛ ነው። እኔም ሄጄ አይቼው አላውቅም። ለሰዉ ይኼ በቃው።

መጀመሪያ ዓሣ ሻጯ ጎረቤቴ አሪየት መጣች። ጨው እየመዘንኩላት፣ "ጫማ ሻጩ፣ ደህና ነህ?" አለችኝ። ጫማ ሸጬ እንደማላውቅ ነገርኳት። "ልብህ ግን ያው ነው" ብላ ጨውዋን ይዛ ሄደች። ከአቦቦ በቆሎ ጭኖ የመጣ ገበሬ፣ ፊልሙን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ዝናብ ሳይጥል ብሄድ እንደሚሻል መከረኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ታኬታውን የገዛለት ማን ነው? ከደጋ ወርዶ መሬት ላይ ጨው ዘርግቶ የጀመረ ሰው አይደለም? ጫማ ሻጩ ሦስት ደንበኛ በር ላይ ትቶ ነው የሮጠው፤ ቆጥሬያለሁ። ማን እንዳስተናገዳቸው ፊልሙ አያሳይም። አዎ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። ዓይኔን ያስለቀሰኝ የጄኔሬተሩ ጭስ ነው።

የዋንጫው ጨዋታ ደርሶ መልስ ነበር። በመጀመሪያው እሁድ ዳዊት ማልያውን ይዞ ሲወጣ ትመጣለህ ወይ አላለኝም። ቢጠይቀኝ እምቢ እል ነበር። ስላልጠየቀኝ ሱቁን ዘጋሁ።

ስደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ባዶ ለባዶ ናቸው። ያ ሁሉ ፊልሙን ያየ ተመልካች አንድ ላይ ተነሥቶ "መጣ፣ መጣ" አለ። ዳዊት ማን እንደመጣ ለማየት ዞር አለ። ኳሷ በብብቱ ሥር ገባች።

ማታውን ልጄ አልተቆጣኝም። በማግስቱ ግን አምበሉ ኡሞድ ሱቅ ድረስ መጣ። "ጋሼ፣ ለመልሱም ይምጡ" አለ። ደስ አለኝ። "ግን ከነሱ ጎል ኋላ ይቁሙልን" ብሎ ጨረሰው። የማሽላ ወፍ ማባረሪያ አደረገኝ ማለት ነው።

በንዴት ሄጄ ቆምኩ። የነሱ በረኛ አንዴም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ምኑ ነኝ? ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከኛ ጎል ግን አንድ ሰው አንገቱን እያሰገገ፣ ቆሜ እንደሆነ ወይም ሄጄ እንደሆነ ሲያረጋግጥ ዋለ። ሁለት ገባበት። ዋንጫው ሄደ። ዳዊት ሜዳውን ከዳር ዳር አቋርጦ ወደኔ ሲመጣ ይስቅ ነበር።

አሁን ቡድኑ ሁለተኛ ሜዳ እንዳልደርስ ሽማግሌ ልኮብኛል። ሽማግሌ እኔም ነኝ፤ በመጡበት መለስኳቸው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጨው የምትፈልጉ ሌላ ሱቅ ሂዱ።