ሰው የማይታይበት ፊልም እና ኦቦ በድሪ

በየከተማው በሁሉም ሰው ፈንታ የሚፈራ አንድ ሰው አለ። ሹመት የሰጠው የለም፤ ቢሆንም ሥራውን ለአንድ ቀን እንኳ አያስታጉልም። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በአሰበ ተፈሪ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ኦቦ በድሪ ነበሩ።

የስልክ እንጨት ሲተከል፣ መብረቅ ሽቦውን ተከትሎ ቤት ለቤት እንደሚዞር አስጠነቀቁ። የፈንጣጣ ክትባት ሲመጣ ክንዳቸውን በሦስት ሸሚዝ ሸፍነው ሰነበቱ። ሂርና ሲሄዱ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አውቶቡሱን ያስቆማሉ፤ በእግራቸው ወርደው ታች ይሳፈራሉ። ሾፌሩ ለምዶ ሲጋራውን እያጨሰ ይጠብቃቸዋል። ለሁሉም ነገር አንድ ቃል አላቸው፦ «ይሄ ነገር አላማረኝም።»

«አንተን ያማረህ ነገር ምን አለ?» ትላቸዋለች ሚስታቸው ዘይቱና። «እኔን ስታገባም እንደዚሁ ነበር ያልከው።»

«መቼ ተሳሳትኩ?»

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሙሴ ሉሲያን የሚባል ፈረንጅ ካሜራ ጭኖ መጣ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ፊልሙ ተዋናይም ታሪክም የለውም፤ ድንጋይና ተራራ ብቻ። አንድ ባልጩት በውሃ ያረጥብና እስኪደርቅ ድረስ በፊልም ያነሳዋል። የገደል ስንጥቅ ላይ ካሜራውን ደግኖ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ሰው እንዳይታይ። መንገደኛ ሲያልፍ ካሜራውን ያጠፋል።

ኦቦ በድሪ ይህን ሰምተው ቤቴ መጡ።

«ስማ ነጋሽ፣ ሰው የማይፈልገው ለምንድነው?»

«ፊልሙ ስለ ድንጋይ ስለሆነ ነው።»

«ድንጋዩ ባለቤት የለውም?»

«አለው መሰለኝ።»

«ይሄ ነገር አላማረኝም።»

ልስቅ ነበር። የወንድማቸው ነገር ትዝ ቢለኝ ተውኩት። ባለፈው ዓመት በመሰላ በኩል ቀላድ የያዙ ሰዎች መሬት ሊለኩ መጥተው ነበር። የአንድ ተራራ ገበሬዎች ገበያ ውለው ሲመለሱ መሬታቸው ሰው የሌለበት ጠፍ ተብሎ ተመዝግቦ ጠበቃቸው። ወዲያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከተፈናቀሉት አንዱ የኦቦ በድሪ ወንድም ነው። የራሳቸው የማሽላ እርከን ደግሞ ሙሴ ሉሲያን በማግስቱ የሚያነሳው ተራራ ላይ ነው።

«ፊልሙን አዲስ አበባ ያዩታል» አሉ። «ትልልቆቹ። ተራራ ያያሉ፣ ሰው አያዩም። ከዚያስ?»

እሳቸው እንደሄዱ ፊልሙን ማን እንደሚያየው ሙሴን ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ ፈቃድ የሰጡኝ ሹማምንት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሴ ካሜራውን ከተራራው ፊት ለፊት ማዶ ላይ ተከለ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ሊያነሳ ነው። ዓይኑን ካሜራው ላይ አድርጎ ቆየና፣

«እርከኑ መሐል ያለው ግራጫ ነገር ምንድነው?» አለኝ።

ኦቦ በድሪ ናቸው። ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ቆመዋል። ሰው ነው ብል ያስወርዳቸዋል። ውሸቴ ከታወቀ እንጀራዬ ያበቃል።

«ድንጋይ ነው» አልኩ።

«ምን ዓይነት?»

«የዚሁ አካባቢ።»

ካሜራውን አስነስቶ ማስታወሻውን መጻፍ ጀመረ። በአራተኛው ደቂቃ ነፋስ መጣ፤ ካፖርቱ ተርገበገበ። ወደ ሙሴ ዞርኩ። ከማስታወሻው ቀና አላለም። በአሥረኛው ደቂቃ ድንጋዩ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ፊልሙ አልቆ ካሜራው ጸጥ ሲልም እጃቸው እንደተነሳ ነበር። ማለቁን የሚነግራቸው የለም። ሙሴ ዕቃውን ሲያስር ተሻግሬ ወጣሁ። ስደርስም ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ታየሁ?»

«ታይተዋል። እጅዎም ጭምር።»

እጃቸውን አወረዱ። ትከሻዬን ይዘው ጥቂት ከወረድን በኋላ ቆሙ።

«ነገ የሚያነሳው የማንን ተራራ ነው?»

«የአብዱላሂን።»

«አብዱላሂ ታሞ ተኝቷል» አሉ። ወደ አብዱላሂ ተራራ አዩ። «በስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት» አልኩ። «ካፖርትዎን አይቀይሩ።»