በእኛ ቆጣሪ

ለእኛ አገር ሰው የመጀመሪያው «አይ፣ ይቅርብኝ» መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው የጨዋ ልጅ መሆናችንን ማሳያ ነው። እውነተኛው መልስ የሚመጣው በሦስተኛው ላይ፣ ጋባዡ «በሞቴ!» ብሎ ክንዳችንን ሲይዘን ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንደደነገገው አላውቅም። የደነገገው ሰው ግን የመብራት ቆጣሪ የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

ባለቤቴ ትርሲት እዚህ ጆሃንስበርግ ነርስ ናት። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየችም። ሜይፌር ያለው ቤታችን ስትደርስ ጫማዋን ደጅ ትታ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ ታጥባ እስክትወጣ ድረስ እኔን ባሏን ከሦስት ሜትር ወዲህ አታስጠጋኝም። ከዚያ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላታል። በእንቅልፏ የአልጋ ቁጥር ስትጠራ ሰምቼ አውቃለሁ። ሦስተኛው ማዕበል ጋብ ሲል አለቃዋ የአምስት ቀን ፈቃድ ሰጠቻት። አምስት ቀን! ዜናውን የነገረችኝ ሎተሪ የደረሳት ይመስል እያለቀሰች ነው።

የት እንሂድ? አዲስ አበባ ለመሄድ የአውሮፕላኑ፣ የምርመራው፣ የኳራንቲኑ ወጪ አይታሰብም። እኔ የግል ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ኮሌጁ በወረርሽኙ አሳብቦ ደመወዜን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለራሱ አስቀርቷል። ችግሩን የፈታችው የትርሲት የሥራ ባልደረባ ናት፤ ካራቫኗን አዋሰችን። ካራቫን ማለት በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ሰው ደህና ቤቱን ቆልፎ፣ ትንሽ ቤት ከኋላው እየጎተተ ሄዶ ሜዳ ላይ የሚያድርበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም፤ የዚህ አገር ሰዎች ግን ይህን ለማድረግ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ።

ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ነድተን፣ ከተራራ ሥር ካለ የካምፕ ግቢ ገባን። ሥራ አስኪያጇ ከመስታወት ጀርባ ሆና የሦስት ሌሊት ኪራይ ተቀበለች፤ የአራተኛውን ቆይተን እንከፍላለን። ለመብራት ደግሞ ስምንት መቶ ራንድ መያዣ ወሰደች። በየካራቫኑ ማቆሚያ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ቆጣሪ አለ፤ የተረፈው ስትወጡ ይመለስላችኋል አለችን። ሁለት ሰው፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ማሞቂያ፤ ምን ሊፈጅ? እኔ እንዲያውም ከሚመለሰው ገንዘብ ለትርሲት ሹራብ ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ በሐሳቤ።

ነሐሴ ነው፤ የዚህ አገር ነሐሴ ደግሞ ደረቅ ብርድ ነው፣ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ገና ማሞቂያችንን ሰክተን እጃችንን ስንዘረጋ በሩ ተንኳኳ። ከጎናችን ያረፉት ሽማግሌ ናቸው። ኦም ዳኒ ይባላሉ፤ «ኦም» በአፍሪካንስ ቋንቋ እንደኛ «ጋሼ»፣ «ታኒ» ደግሞ «እትዬ» መሆኑ ነው። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ጥቅልል ኤክስቴንሽን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለዋል። የእሳቸው ምሰሶ ተበላሽቶባቸዋል፣ ሠሪው ነገ ይመጣል ተብለዋል። እስከዚያ ከእኛ ምሰሶ ቢሰኩ ቅር ይለን እንደሆነ ጠየቁን። ባለቤታቸው ታኒ ማርቲ ከኋላቸው ብርድ ልብስ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ይህን አይቶ እምቢ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሰኩ። ቀጥለው ቦርሳቸውን አወጡና ስንት ልስጥህ አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ኧረ ነውር ነው፣ ጎረቤት አይደለንም እንዴ አልኳቸው። ኦም ዳኒ «በጣም አመሰግናለሁ» ብለው ቦርሳቸውን መልሰው ከተቱት። እኔ እዚያው ቆሜ ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ። ሰውየው ግን ሄዱ! ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት አገር ነው፤ እዚህ ሰው የተባለውን ቃል እንደተባለ እንደሚወስድ ማወቅ ነበረብኝ። ማወቅና አፍን መያዝ ግን ለየቅል ናቸው።

ሠሪው በማግስቱ አልመጣም። በዚያችው ኤክስቴንሽን በኩል ምን ምን እንዳለፈ ቀስ እያልኩ ተረዳሁ። ማሞቂያ፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ፣ ራግቢ የሚታይበት ቴሌቪዥን፣ ቀኑን ሙሉ የሚንጣጣ የሻይ ማፍያ፣ ሲቀጥልም በሥጋ የተሞላ ዲፕ ፍሪዝ። ወቅቱ ደግሞ ፍልሰታ ነው። እኔና ትርሲት እየጾምን ሽሯችንን እንበላለን፣ የሰው ሥጋ በእኛ ገንዘብ ይቀዘቅዛል!

የሚገርመው ኦም ዳኒ መለመን የማይችሉ ሰው አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ የተጠበሰ የበግ ጎድን በሳህን ይዘው መጡ። ጾመኞች ነን አልናቸው። ትንሽ ቅመሱ አሉ። በሃይማኖታችን አይፈቀድም አልን። ማርቲ የሠራችው ነው፣ አታሳፍሯት ብለው ሳህኑን እጄ ላይ ሊያስቀምጡ ታገሉ። በሕይወቴ ከልቤ እምቢ ባልኩባት በዚያች አንዲት ቀን፣ ሰውየው ሦስቴ ለመኑኝ።

ባይሆን መብራቱ ይጥፋ ብዬ ተመኘሁ። ሜይፌር ሳለን ሎድሼዲንግ፣ ማለትም መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ሰዓት፣ መጣ ሲባል የማማርር ሰው፣ እዚያ ግን መርሐ ግብሩን በስልኬ እያየሁ ሰዓቱን በጉጉት ጠበቅሁ። ደግነቱ ጠፋ። ክፋቱ ግቢው ጄኔሬተር አለው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ የመብራቱ ዋጋ እጥፍ ነው።

ትርሲት ገንዘቡን እምቢ ማለቴንም ሆነ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ አታውቅም። በቀን ፀሐይ ላይ በታጣፊ ወንበር ጋደም ብላ መጽሐፍ ታነባለች፤ በሁለተኛው ቀን ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ። ሌሊት የአልጋ ቁጥር አልጠራችም። ይህን በማየቴ ብቻ ስምንት መቶውን መርቄ ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በስምንት መቶ ቢያበቃ ኖሮ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ደብተር ይዛ መጣች። መያዣው አልቋል፤ በላዩ ስድስት መቶ ራንድ አለባችሁ፤ ካልከፈላችሁ አሁኑኑ ይቆረጣል አለች። ኪሳችን ውስጥ የነበረው ሰባት መቶ ነው፤ አብዛኛው ለአራተኛዋ ሌሊት ኪራይ የተቀመጠ። ወይ መብራቱን ከፍለን ዛሬውኑ እንውጣ፣ ወይ ኦም ዳኒ ድርሻቸውን ይስጡንና ትርሲት አንድ ሌሊት ትረፍ። ነገሩን በዝርዝር ነገርኳት። ስታስታምም እንደኖረች ሰው አልጮኸችም፤ መጽሐፏን አጠፈች። ከዚያ ሂድና ድርሻቸውን ጠይቃቸው አለችኝ። ብር ልትቀበል እየሄድክ እንደሆነ አትርሳ፣ ልትሰጥ አይደለም አለች።

በካራቫኑ ትንሽ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። «ኦም ዳኒ፣ ስለ መብራቱ ጉዳይ...» ጥሩ ጅምር ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ከደረት ኪሳቸው ፖስታ አወጡ። ትናንት ቢሮ ሄደው ቆጣሪውን አሳይተው ድርሻቸውን አስልተዋል፤ ስድስት መቶ ሃምሳ ራንድ ነው፤ እባክህ ተቀበለኝ አሉ። ለመኑኝ እኮ! ሁለተኛው ልመና፣ ሦስት ቀን ዘግይቶ፣ በፖስታ ታሽጎ መጣ። እጄ ወደ ፖስታው ሲሄድ ይታየኛል። አፌ ግን እኔን ሳያማክር «ኧረ በፍጹም! ይሄማ አይሆንም!» አለ። ኦም ዳኒ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም ብለው በክርናቸው ክርኔን ነክተው ፖስታውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ መለሱት።

ትርሲት ከሩቅ ሁሉን አይታለች። ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። አፈርኩ። ዓመት ሙሉ የሰው ነፍስ ስትጠብቅ ለኖረች ሴት አንዲት ሌሊት ማስተረፍ አቃተኝ። ስድስት መቶውን ከፈልን፣ ካራቫኑን መኪናው ላይ አሰርን፣ ኦም ዳኒና ታኒ ማርቲ እስክንሰወር ድረስ እጃቸውን እያውለበለቡ ሸኙን።

የከተማው ሕንጻዎች መታየት ሲጀምሩ ስልኬ ጮኸ። ስንሰነባበት ቁጥሬን የሰጠኋቸው የኦም ዳኒ መልእክት ነው፤ እኔ እየነዳሁ ስለሆነ ትርሲት ጮክ ብላ አነበበችው። ቶሎ በመሄዳችሁ ማርቲ አዝናለች ይላል። ፖስታውን አልቀበልም ስላልከኝ በገንዘቡ አንድ ሌሊት ጨመርን፤ ሥራ አስኪያጇም ሶኬቱ ደህና ነውና የእናንተን ቦታ ሰጠችን፤ ሲስተር በደንብ እንዳረፈች ተስፋ አለን ይላል።

ከዚያ ትርሲት በሁለት አውራ ጣቶቿ እንደ መርፌ እየወጋች መጻፍ ጀመረች። ደነገጥኩ። ቆይ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ነገር እንዳትጽፊ ብዬ ለመንኳት። አልሰማችኝም፤ ጨርሳ ላከችው። ምን ብለሽ ጻፍሽ አልኳት።

«እንኳን ተመቻችሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤታችን ኑ አልኳቸው» አለችኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ሌላ ምን ልበል?»