የእማዬ ፊት አልበራም አለ

(ሁለት ወንድማማቾች መጋረጃው በተጋረደ ክፍል ውስጥ አንድ ታብሌት ላይ አጎንብሰዋል። ታናሽየው ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ታብሌቱ ላይ ሥዕል ይሞካክራል። ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል፤ በሙገሳ ይሁን በሽሙጥ ጠይቆ አያውቅም። ታላቁ፣ ጋሼ፣ ሃያ ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ነገ እናታቸው ከክሊኒኩ በጡረታ ትሰናበታለች። ሊቁ የሣለው ምስሏ ባልደረቦቿ ፊት ሊበረከትላት ነው። ማተሚያ ቤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይዘጋል።)

ጋሼ፦ እኔ የምለው ጨልሟል ነው።

ሊቁ፦ አልጨለመም። ድባብ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ድባቡ ውስጥ እማዬ የታለች?

ሊቁ፦ ይቻትልህ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ። ብርሃኑ በግራ ጉንጯ ሲወርድ አይታይህም?

ጋሼ፦ (ዓይኑን አሽቶ ጠጋ ብሎ) ቅንድቧን አገኘሁት።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሽቦ መቀጠል አይደለም። የብርሃን ጥበብ ነው። አሥራ አንድ የብርሃን ንብርብር አለው።

ጋሼ፦ አሥራ አንድ ምን?

ሊቁ፦ ንብርብር። እንደ ስስ ወረቀት አንዱን ባንዱ ላይ እየደረብክ ነው የምትሥለው። ከሥር ዋናው ሥዕል አለ፤ በላዩ የጠዋት ፀሐይ፣ በላዩ የጉንጭ ወጋገን፣ በላዩ ደግሞ የዓይን ብልጭታ፣ እያለ ይሄዳል።

ጋሼ፦ ይሄ ሁሉ ተደርቦባት አይሞቃትም?

ሊቁ፦ (መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ለአሥረኛ ጊዜ እንደተጠየቀ ሰው) ብርሃን እኮ ነው የደረብኩባት፣ ብርድ ልብስ አይደለም።

ጋሼ፦ አሥራ አንድ መብራት በርቶ ቤቱ ከጨለመ፣ እኛ አምፖል አንጨምርም። መጀመሪያ ቆጣሪውን ነው የምናየው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሊቁ፦ እዚህ ቆጣሪ የለም። አሥራ ሁለተኛውን ስጨምር ይፈካል።

ጋሼ፦ ትናንት አሥረኛውን ስትጨምርም እንዲሁ ብለህ ነበር።

(ሊቁ አሥራ ሁለተኛውን ይጨምራል። እማዬ እንደሆነች ያው ናት።)

ሊቁ፦ ተወኝ በቃ። ሠላሳ ዓመት የሰው በሽተኛ ስታስታምም ኖራ ለራሷ አንድ ደህና ፎቶ የላትም። ነገ ይሄ ሥዕል ሰው ፊት ሲገለጥ እንድታፍር አልፈልግም።

ጋሼ፦ (ለስለስ ብሎ) ገባኝ። እስቲ ወደ ስልኬ ላክልኝ፤ ታብሌቱ ላይ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል።

(ሊቁ ይልካል። ጋሼ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልኩን አውጥቶ ያያል። ገልብጦም ያየዋል።)

ጋሼ፦ ባዶ ወረቀት ነው የመጣልኝ።

ሊቁ፦ እንዴት ባዶ?

ጋሼ፦ ነጭ። ቆይ፣ ቆይ፤ ሁለት ቅንድብ አለው።

ሊቁ፦ ስልክህ ነዋ። ከእማዬ ቀድሞ ጡረታ መውጣት የነበረበት ይሄ ስልክ ነው።

ጋሼ፦ ይሁን። ግን የልጆቼ ፎቶ እዚህ ላይ ቅንድብ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሊቁ፦ የልጆችህ ፎቶ የብርሃን ጥበብ የለበትማ።

(ጋሼ ታብሌቱን ተቀብሎ፣ ያልገባው ሰው እንደሚያደርገው፣ ያገኘውን ሁሉ በጣቱ ይነካካል። ከላይ አንድ ነገር ስቦ ያወርዳል።)

ጋሼ፦ ይቺ የፀሐይ ምልክት ያለባት መስመር ምንድን ናት?

ሊቁ፦ እሷን ተዋት፣ የስክሪኑ ብርሃን ማስተካከያ ናት። ሥዕሉን የጀመርኩ ሰሞን ዓይኔን ሲያመኝ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ...

(መስመሯን አፍጥጦ ያያል።)

ጋሼ፦ ከመቼ ወዲህ?

ሊቁ፦ ከመጀመሪያው ንብርብር ወዲህ።

(ጋሼ መስመሯን ወደ ላይ ይገፋታል። የሁለቱም ፊት ይበራል። ታብሌቱ ላይ ያለው ነጭ ብርሃንና ሁለት ቅንድብ ብቻ ነው። ሊቁ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋበትን ሲያይ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል።)

ሊቁ፦ ጉዴ ፈላ። እናቴን አቃጠልኳት።

ጋሼ፦ ኧረ ተረጋጋ። መብራት ከበዛ ይጠፋል። ማጥፊያው የቱ ነው?

ሊቁ፦ ይቺ የዓይን ምልክት። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ አለው።

(ጋሼ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ያጠፋል። ብልጭታው ሲጠፋ ዓይን ይመጣል፤ ወጋገኑ ሲጠፋ ጉንጭ ይመጣል። የመጨረሻው ሲጠፋ እማዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትስቃለች።)

ጋሼ፦ ይቺውና እማዬ። ማን ሣላት?

ሊቁ፦ እኔ ነኛ። የመጀመሪያ ቀን ነው የሣልኩት፤ ስለ ብርሃን ገና ምንም ሳላውቅ።

ጋሼ፦ ያስታውቃል፤ ምንም አልጎደላትም። በል አሁኑኑ ለማተሚያ ቤቱ ላከው፣ ደግሞ ሌላ ነገር ሳታውቅ።