ሦስት ቁልፍ ያለው ስልክ

«ባለቤት የለውም፤ የሁላችንም ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አቃቂ አንድ አለን። ዘሪሁን ይባላል፤ ሞባይል ይጠግናል፣ የእድራችንም አባል ነው።

የእድሩን ገንዘብ ሦስት ቁልፍ ካለው የብረት ሳጥን አውጥቶ፣ ቢትኮይን በሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ መንዝሮ፣ ስልኩ ላይ ባለ ቦርሳ ያስገባው እሱ ነው። «ቦርሳውን የሠራው ኩባንያ አይደለም፤ ሕዝብ ነው። አሠራሩም ለሁሉም ክፍት ነው» አለን። ከሕዝብ ማን ይጣላል? አጨበጨብን።

ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡን የሚመልሱ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ምስጢር ቃላት ነበሩት። እኛም እንደ ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አደረግናቸው፤ ለሊቀመንበሩ አራት፣ ለጸሐፊው አራት፣ ለገንዘብ ያዡ አራት። ወረቀት ላይ አይጻፍም ተባለ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተክሌ የራሳቸውን እንደ ዳዊት ሸመደዱት።

ስልኩ ቃሊቲ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ሌላ ስልክ ይዘን ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድን፤ ታመው ተኝተዋል።

«ጋሼ፣ አራቱን ቃላት ይንገሩን» አለ ዘሪሁን።

«ቁልፍ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሳጥኑን አምጡ፣ በእጄ እከፍታለሁ።»

«ሳጥኑ እኮ ይሄ ነው!»

ጋሽ ተክሌ ስልኩን አዩት፤ እኛንም አዩን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ አራቱን ቃላት እንደያዙ አረፉ። ስንቱን የቀበሩ ሰውዬ፣ እድራችን ለድንኳን ኪራይ እንኳ ሳንቲም ስላልነበረው፣ ከጎረቤት እድር በተለመነ ድንኳን ተለቀሰላቸው። እዚያው ድንኳን ውስጥ ዘሪሁን የጎረቤቱን እድር ሊቀመንበር ይዞ «ባለቤት የለውም እኮ!» ይላል።

እውነቱን ነው። አሁን የለውም።